በጓዳ የኖረ ታሪክ

ታሪክ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የነገሥታት ስም፥ የጦር ሜዳና የውል ቀን ነው። ይህም አለ ምክንያት አይደለም፤ ሀገር በጀግና ትጠበቃለች፤ በሕግም ትጸናለች። ዳሩ ግን ጀግናውም፥ ዳኛውም፥ ጸሐፊውም ማታ ማታ ወደ ቤቱ ተመልሶ ከገበታ ፊት የሚቀመጥ ሰው መሆኑን ልብ ብለን ብንመለከት፥ ከዙፋንና ከጦር ሜዳ ሌላ ታሪክ የሚሠራበት አንድ ስፍራ እንዳለ እንረዳለን። ይኸውም ጭስ የማይለየው፥ ጣሪያው በጥላሸት የጠቆረው ጓዳችን ነው።

ዛሬ ልናወጋችሁ ያሰብነው ስለዚሁ ጓዳ ነው። በየቤታችን በየቀኑ የምንበላው እንጀራና ወጥ ከወዴት መጣ? ማንስ አሰናድቶ ለኛ አደረሰው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ከአክሱም ዘመን ተነሥቶ በቅርብ ጊዜ በአውሮጳ ፍርድ ቤት እስከ ታየ ክርክር ድረስ ይዘልቃል። የነገሩም ፍጻሜ ለሁላችንም የሚያሳስብ ነው።

በመጀመሪያ ቋንቋችንን እንጠይቀው። ሰው ሥራ ለመፈለግ ከቀየው ሲወጣ «እንጀራ ፍለጋ ሄደ» እንላለን። ከሥራው የተነቀለውን «የእንጀራ ገመዱ ተበጠሰ» እንለዋለን። ያልወለደችውን ልጅ የምታሳድገውን ሴት «እንጀራ እናት» ስንል፥ እናትነቷ በማብላት የተገኘ መሆኑን መመስከራችን ነው። ወዳጃችንንም «ባልንጀራ» ብለን ስንጠራ ቃሉን ብንፈታው «ባለ እንጀራ» ማለት ይሆናል፤ ከአንድ እንጀራ አብሮን የሚቆርስ ማለት ነው። ይልቁንም የሚያስደንቀው ጥሩ ወጥ የምትሠራውን ሴት «ባለሙያ» ማለታችን ነው። ሐኪሙንም መሐንዲሱንም የምንጠራው በዚሁ ቃል ስለ ሆነ፥ ቋንቋችን የጓዳውን ሥራ ከሙያ ሁሉ ጋር አስተካክሎ ቆጥሮታል ማለት ነው። እኛ ግን እንደ ሙያ መዝግበን አላኖርነውም።

አሁን ወደ እህሉ እንምጣ። የእንጀራችን ዋና እህል ጤፍ ነው። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ከመሆኑ የተነሣ በአንድ ግራም ውስጥ ከ2,500 እስከ 3,000 የሚደርስ ፍሬ ይገኛል። ከእጅ ቢወድቅ ጠፍቶ ስለሚቀር ስሙ የወጣው «ጠፋ» ከሚለው ቃል ነው የሚሉ አሉ። ስንዴና ገብስ፥ ምስርና ሽምብራ በጥንት ዘመን ከቅርብ ምሥራቅ አገሮች ወደኛ የመጡ ሲሆኑ፥ ጤፍ ግን በዚሁ በኛ ደጋ ከዱር ሣር ተለይቶ፥ ተመርጦና ተለምዶ እህል የሆነ ነው። ኑግም፥ ጌሾም፥ ቡናም፥ እንሰትም እንደዚሁ የዚህች አገር ተወላጆች ናቸው።

በአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ላይ የንጉሡ ምስል በግራና በቀኝ በእህል ዛላ ታጅቦ ተቀርጾ ይታያል። የኢዛና የወርቅ ገንዘብ ለዚህ ምስክር ነው። ገንዘብ የመንግሥት ክብር የሚገለጥበት ስለ ሆነ፥ ንጉሡ በዚያች ጠባብ ስፍራ ሰይፍ ወይም አንበሳ ሊያስቀርጽ ሲችል የእህል ዛላ ማስቀረጹ፥ የመንግሥቱ ክብር ከአራሹ ማሳ የሚነሣ መሆኑን ለሕዝቡ ለማሳየት ይመስላል።

ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በ1919 ዓ.ም. ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለ ታላቅ የሩሲያ የዕፀዋት ሊቅ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በየገጠሩ በበቅሎ እየተዘዋወረ የእህል ዘር ሰበሰበ። ካየውም ብዛትና ዓይነት የተነሣ ኢትዮጵያን የሰው ልጅ ምግብ የሆኑ አዝርዕት ከበቀሉባቸው ከዓለም ጥቂት ምንጮች አንዷ አድርጎ ቈጠራት። ይህ ሰው የዓለምን ረኀብ የሚያስወግድ ዘር ለማግኘት ዕድሜውን ሲደክም ኖሮ፥ በሀገሩ መንግሥት ታስሮ በ1935 ዓ.ም. በሳራቶቭ ወህኒ ቤት በረኀብ ተጐሳቁሎ መሞቱ ከታሪክ አሳዛኝ ነገሮች አንዱ ነው። ቫቪሎቭ ያደነቀውን ዘር ከዘመን ወደ ዘመን እየመረጠ፥ ለከርሞ የሚሆነውን ከሚበላው ለይቶ በጎታ ያኖረው ግን ስሙ ያልታወቀው ገበሬና የገበሬው ሚስት ነበሩ።

እህል መገኘቱ ብቻ ምግብ አያሰኘውም። የጤፍ ዱቄት እንጀራ ለመሆን ረጅም መንገድ ይሄዳል። ዱቄቱ በውሃ ይቦካና ከቀድሞው ሊጥ የቀረው እርሾ ይጨመርበታል፤ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ከላይ የጠለለው ውሃ ይፈሳል፤ ከሊጡ ጥቂት ተቀንሶ በፈላ ውሃ ይበስልና አብሲት ይሆናል፤ አብሲቱም ወደ ሊጡ ተመልሶ ኩፍ ሲል፥ በጎመን ዘር ወይም በጉሎ ፍሬ የታሰሰው ምጣድ ይግላል። ሊጡ ከዳር ወደ መሐል ዙሪያውን ይፈስና ዓይን ማውጣት ሲጀምር አክንባሎው ይከደንበታል። እሳቱ ቢበዛ ያርራል፤ ቢያንስ ዓይን አያወጣም። ብርዱና ሙቀቱ፥ የውሃው ዓይነትና የእርሾው ኀይል እንደየቀኑ ስለሚለያይ ጋጋሪዋ በየቀኑ አዲስ ፍርድ ትሰጣለች። በዛሬው ጊዜ የሥነ ምግብ ሊቃውንት ይህ መቡካት በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረትና ሌላውን ማዕድን ሰውነት እንዳይቀበለው የሚያግደውን ነገር እንደሚቀንስ አረጋግጠዋል። እናቶቻችን ይህን በመጽሐፍ ሳያነቡ በእጃቸው ያውቁት ነበር።

በደቡቡም የአገራችን ክፍል እንዲህ ያለ ጥበብ ይገኛል። በጉራጌ፥ በሲዳማ፥ በጌዴኦ፥ በሐዲያና በሌሎችም አካባቢዎች እናቶች እንሰቱን ፍቀው፥ ጉድጓድ ቈፍረው፥ በቅጠል ጠቅልለው በመቅበር ለወራት ያብላሉታል፤ ከዚያም ቆጮ ይሆናል። እህል በየዓመቱ ዝናብ ይጠብቃል፤ እንሰት ግን ብዙ ዓመት በጓሮ ቆሞ ስለሚቆይ፥ ዝናብ ባነሰበት ዘመን ቤተ ሰቡን ከረኀብ የሚታደግ ጎተራ ነው።

ከእህሉ ቀጥሎ የገበታችንን መልክ የወሰነው ጾም ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በዓመት ወደ 180 ቀን ያህል፥ ካህናቱና መነኰሳቱ ደግሞ እስከ 250 ቀን ሥጋ፥ ወተት፥ ቅቤና እንቍላል አይቀምሱም። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። እንግዲህ የዓመቱ እኩሌታ ከሥጋና ከቅቤ የተለየ ሲሆን ባለቤቲቱ ለቤተ ሰቧ ምን ታቅርብ? ከዚህ ችግር የተወለደው ጥበብ ሽሮ ነው። አተር፥ ባቄላ ወይም ሽምብራ ተቈልቶ፥ ተከክቶ፥ ከቅመም ጋር ተፈጭቶ በቅል ወይም በገንቦ ይቀመጣል፤ እንግዳ ድንገት ቢመጣ ለማድረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። የምስር ወጥ፥ የክክ አልጫ፥ የተልባና የሱፍ ፍትፍት፥ ሥልጆና አዚፋ የተገኙትም እንደዚሁ ነው። ይልቁንም የሽምብራ ዓሣ የሚባለውን ምግብ ያሰበችው ሴት ምን ያህል ብልህ እንደ ነበረች መገመት አያዳግትም፤ የሽምብራውን ሊጥ በዓሣ መልክ ቀርጻ፥ ጠብሳና በወጥ ከትታ በጾም ቀን ዓይንንም ሆድንም ደስ አሰኝታለች።

የጾሙ ምግብ ሌላም ጥቅም አስገኘ። ክርስቲያኑና እስላሙ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ይህ ከጥንት ጀምሮ የኖረ ልማድ ነው። ነገር ግን በሠርግና በለቅሶ፥ በደቦና በጉርብትና ሲገናኙ በሽሮው፥ በምስሩና በጎመኑ ፊት ሁለቱም ይቀመጣሉ። ሃይማኖት የለየውን ገበታ የባቄላና የአተር ወጥ መልሶ አንድ አደረገው። ጎረቤት ሳይጣላ አብሮ እንዲኖር ከሽማግሌዎች ምክር ጋር የጓዳው ሥራም ድርሻ ነበረው።

አሁን ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር እንንገራችሁ። የወጣችን ክብር የሆነው ቀይ በርበሬ በአባቶቻችን ዘመን ሁሉ አልነበረም። የበርበሬ ተክል የትውልድ ስፍራው አሜሪካ ነው፤ ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1492 ወደዚያ ከመድረሱ በፊት በአውሮጳም፥ በእስያም፥ በአፍሪካም የሚያውቀው አልነበረም። ወደኛ የደረሰው ከዚያ በኋላ በባሕር ነጋዴዎች መንገድ ነው። ከዚያ በፊት ወጡን የሚያጣፍጡት የከፋ ኮረሪማ፥ ዝንጅብል፥ እንዲሁም ከህንድ አገር በቀይ ባሕር ወደቦች የሚገባው ቁንዶ በርበሬ ነበሩ። ስለዚህ የላሊበላ ዘመን ሰው ዛሬ ተነሥቶ ከገበታችን ቢቀመጥ አልጫውን ቶሎ ይለምደው ይሆናል፤ ቀዩ ወጥ ግን እንግዳ ሆኖበት ዓይኑን እንባ በእንባ ያደርገው ነበር።

ሌሎችም መጻተኞች ገበታችን ላይ ተቀምጠዋል። በቆሎ ከዚያው ከአሜሪካ የመጣ ሲሆን «የባሕር ማሽላ» የሚለው የቀድሞ ስሙ ራሱ ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን ይናገራል። ድንችን ወደ 1850 ዓ.ም. ገደማ ያስገባው በትግሬ አገር ብዙ ዘመን የኖረው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ዊልሄልም ሺምፐር እንደ ሆነ ይነገራል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን በግፍ በያዘበት ዘመን ደግሞ ፓስታ፥ መኮሮኒና ፉርኖ በየከተማው ተስፋፉ። ወራሪው በአርበኞች ተጋድሎ ተባርሮ ሲወጣ ፓስታው ግን ቀረ፤ በበርበሬ በተሠራ ስጎ ተለውሶ፥ በእንጀራ ተጠቅልሎ ይበላ ጀመር።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ባህል ማለት በሩን ዘግቶ የሚቀመጥ ቤት አይደለም። እናቶቻችን ከባሕር ማዶ የመጣውን ፍሬ እንዲያው በመጣበት አልተቀበሉትም። በርበሬውን በፀሐይ አስጥተው፥ ቀንጥሰው፥ ከነጭ ሽንኩርት፥ ከዝንጅብል፥ ከበሶብላ፥ ከጤና አዳምና ከኮረሪማ ጋር ደልዘው፥ ዳግመኛ አስጥተውና አምሰው ሲያስፈጩት፥ የተወለደበት አገር ሰው ቢቀምሰው የማያውቀው አዲስ ነገር ሆነ። እንግዳን ተቀብሎ ቤተኛ ማድረግ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጣዕም በማን ጉልበት እንደ ተገኘ ሳንናገር ብናልፍ ታሪኩን ማጉደል ይሆንብናል። የእህል ወፍጮ ቤት በየመንደሩ ከመስፋፋቱ በፊት ዱቄት ሁሉ የሚገኘው ሴት ልጅ በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጐንበስ ብላ በምታወጣው ላብ ነበር። ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ ትፈጫለች፤ ሲነጋ ውሃ ትቀዳለች፤ እንጨት ትለቅማለች፤ ከዚያም በጭስ ውስጥ ዓይኗን እያሻሸች ትጋግራለች። መንገደኛ በሌሊት ባለፈበት መንደር ሁሉ የሚሰማው የወፍጮው ድምፅና ፈጪዋ ድካሟን ለመርሳት የምታንጐራጉረው ዜማ ነበር።

በመስከረም 1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በተመረቀ ጊዜ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ያደረጉት ግብር በዜና መዋዕል የሚነገርለት ነው። እቴጌይቱ በአስተዳደር ብልኀታቸው ብቻ ሳይሆን በጓዳ ሥርዐታቸውም የተደነቁ ነበሩና፥ በየዓይነቱ የተሠራው ወጥና የተጣለው ጠጅ ለተጠራው ሕዝብ ሁሉ የተትረፈረፈ ነበር። የንጉሡ፥ የእቴጌይቱና የመኳንንቱ ስም በታሪክ ሲነሣ ይኖራል፤ በዚያን ሌሊት ድስቱን ሲያማስሉ፥ ምጣዱን ሲያሰስሱ ያደሩት ሴቶች ግን ስማቸው ለትውልድ አልተረፈም።

ከዚያ ታላቅ ግብር በኋላ ብዙ ወራት ሳይቆይ የገበታው መልክ ተለወጠ። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ከህንድ አገር ባስገቧቸው ከብቶች የመጣው የከብት በሽታ ወደ ደጋው ወጥቶ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። ከአሥሩ ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬው ሲሞት ማሳው ጦም አደረ፤ ላሚቱ ስትሞት ወተቱና ቅቤው ቀረ፤ ከዚያም ላይ ድርቅ፥ አንበጣና ተምች ተጨመሩ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ይህ ዘመን «ክፉ ቀን» ተብሎ ሲታወስ ይኖራል። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር መኳንንቱ በእጅ ማረስን እንዳይንቁ አርአያ ሆኑ፤ የመንግሥቱንም ጎተራ ከፈቱ። ቢሆንም ያለቀው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር።

በዚያን ጊዜ የጓዳው ዕውቀት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆነ። የትኛው የዱር ቅጠል ተቀቅሎ ይበላል፥ የትኛው ሥር ይገድላል፥ የትኛው እህል ሳይታጠብና ሳይቀቀል አይበላም የሚለውን የምታውቅ እናት ልጆቿን ታተርፍ ነበር። ለምሳሌ ያህል ጓያ ድርቅ የሚችል እህል ስለ ሆነ በችግር ዘመን ብዙ ሰው ያድናል፤ ነገር ግን ያለ ሌላ እህል ለወራት ቢበሉት እግርን ሽባ ያደርጋል። ነክሮ ውሃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት ጉዳቱን ይቀንሰዋል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቁት በሽማግሌ ሴቶች ዘንድ ያደጉ ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ፥ እንደገናም በ1977 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የደረሰው ረኀብ፥ የገበታ መሙላት ለዘለዓለም የተሰጠ ነገር አለመሆኑን ደግሞ አስታወሰን።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የሆነውንም በዚሁ ዓይን ብንመለከተው መልካም ነው። አገሩ ከክፉ ቀን ገና ማገገሙ ነበር። ወደ 100,000 የሚጠጋው ሠራዊት ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተጕዞ ወደ ሰሜን ሲዘምት የስንቁ ሸክም ያረፈው በሴቶች ጀርባና በአጋሰስ ላይ ነበር። ድርቆሹ፥ በሶው፥ ቋንጣው፥ ቆሎውና ጭኮው ከወራት በፊት በየጓዳው የተሰናዳ ነው። ጦርነቱ ከመደረጉ በፊት በነበሩት ቀናት ስንቁ እያለቀ ስለ ሄደ ንጉሠ ነገሥቱ እጅግ ተጨንቀው እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ስንቁ እስከዚያች ዕለት ባይደርስ ኖሮ ጀግንነቱ ብቻውን ምን ያህል በጠቀመ ነበር? እንግዲህ ድሉን ስናከብር ድርቆሹን ያደረቀችውንም እጅ ብናስታውስ ከጀግኖቹ ክብር የሚቀነስ ነገር የለም።

ወደ ቤተ ሰቡ ገበታ እንመለስ። መሶቡ ሲከፈት ቤተ ሰቡ ከበው ይቀመጣሉ፤ ከልጆቹ አንዱ ማንቆርቆሪያ ይዞ ያስታጥባል፤ አባት ጸልዮ ይቈርሳል። ልጅ በቀኝ እጁ፥ ከፊቱ ካለው ብቻ እንዲበላ፥ ታላቁን ሳይቀድም እንዲጐርስ፥ አፉ ሞልቶ እንዳይናገር የሚማረው ከዚህ ነው። እንግዳ ቢመጣ «እንብላ» ይባላል፤ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚለው ተረት በየቤቱ የታወቀ ነው። ጕርሻም አለ፤ አንዱ ለሌላው በእጁ ሲያጐርሰው ቃል ሊገልጠው የማይችለውን ፍቅር ይገልጥለታል።

ነገር ግን እውነቱን እንናገር። በቀድሞ ጊዜ በብዙ ቤት ይህ ክብ ገበታ ለሁሉ እኩል አልነበረም። አባትና እንግዳ መልካሙን ይበላሉ፤ ልጆች ኩራዝ ይዘው ቆመው ይጠብቃሉ፤ እናት ደግሞ ሌማቱ ከተነሣ በኋላ በጓዳ ውስጥ የተረፈውን ትቀምሳለች። ዶሮውን በ12 ብልት ያወጣችው እሷ ሆና ሳለ ለራሷ የሚደርሳት ብዙ ጊዜ ከመረቁ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት ከሁሉ በፊት መብላት እንደሚገባት፥ ልጅም በዕድገቱ ዘመን እንቍላሉና ወተቱ ከእንግዳው ይልቅ እንደሚያስፈልገው ዛሬ የማያውቅ የለም። ከአባቶቻችን አብሮ መብላትን እንውረስ፤ የሠራችውን አስርቦ መብላትን ግን አንውረስ።

ዘመኑ ብዙ ነገር ለውጧል። የወፍጮ ቤቱ ሞተር የሴቲቱን ሌሊት መለሰላት፤ በከተማ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ጭሱን አስቀረላት። ይህ ሊያስደስተን የሚገባ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ የከተማው ሰው እንጀራውን ከሱቅ፥ በርበሬውን ከገበያ አስፈጭቶ ከሚሸጥ ነጋዴ ይገዛል፤ ቤተ ሰቡም በየሰዓቱ ተበታትኖ ይበላል። በዋሽንግተን፥ በቴል አቪቭ ወይም በለንደን የሚኖረው ወገናችን እንጀራ ሲናፍቀው እርሾውን ከማን ይማር? እዚያ ያለችው ወጣት ወደ አዲስ አበባ ስልክ ደውላ እናቷን «ስንት ልጨምር?» ብላ ስትጠይቃት፥ መልሱ «በዓይንሽ መጥኚው» ነው። እናቲቱ መደበቋ አይደለም፤ ሚዛኗ ዓይኗና እጇ ስለ ሆኑ ነው። ያ ዓይንና ያ እጅ ያለፉ ዕለት ግን ሚዛኑም አብሮ ይቀበራል።

ያልተጻፈ ዕውቀት ምን እንደሚገጥመው የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ምሳሌ አለ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት የሚዘጋጅበትን መንገድ የራሱ ፈጠራ ነው ብሎ አመለከተና በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ2007 ከአውሮጳ የፈጠራ መሥሪያ ቤት መብት ተሰጠው። ጤፍን ከዱር ሣር አውጥታ፥ ፈጭታና አቡክታ ለዓለም ያስገኘች አገር የጤፍን ዱቄት በተመለከተ በሰው አገር የባለቤትነት ጥያቄ ተነሣባት። ነገሩ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ በ2018 በሔግ ያለው ፍርድ ቤት ፈጠራ የሚያሰኝ አዲስ ነገር የለበትም በማለት መብቱ በሆላንድ እንዲሰረዝ ፈረደ። እውነቱ መውጣቱ ደስ ያሰኛል። ሆኖም እንዲህ ያለ ክርክር በተነሣ ቁጥር ዳኛ የሚጠይቀው የተጻፈ ማስረጃ ነው። «እናቴ በእጇ ታውቀዋለች» ማለት በፍርድ ቤት ብዙ አያራምድም።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፤ አንድ ቀላል ሥራ እናሳስባችኋለን። በመጪው እሑድ እናታችሁ፥ አያታችሁ ወይም አክስታችሁ ወጥ ስትሠራ ከጎኗ ተቀመጡ። ወንዱም ልጅ ቢሆን ጓዳ መግባት ነውር አይደለም። ደብተርና እርሳስ ያዙ። እፍኙ ስንት ግራም እንደሚመዝን፥ ጣሳው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ለኩ፤ ሽንኩርቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቁላላ፥ ቅቤው በኮሰረትና በኮረሪማ እንዴት እንደሚነጠር፥ ለክረምት የሚቀመጠው ሽሮ እንዳይነቅዝ ምን እንደሚደረግ ጻፉ። ያንን ማን እንዳስተማራትም ጠይቋት፤ የመምህርቷንም ስም ከነመንደሯ መዝግቡ። ምናልባት የአንድ ባለሙያ ሴት ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የሚሰፍረው በእናንተ ደብተር ላይ ይሆናል።

ሥራው ተፈጽሞ መሶቡ ሲቀርብ ደግሞ ሳትቀመጥ አትጀምሩ። ከሁሉ በፊት እሷ ትቈረስ፤ የመጀመሪያዋም ጕርሻ ለእሷ ትሁን።